ለማን ቀፎ ነው የወጣው

«ለቅሶሽን እዚያው ደጅ አቁሚና ግቢ፤ መጀመሪያ የምጠይቅሽ አለኝ» አለች ተሾመች።

ከማንኪራ ድረስ ደረቷን እየደቃች የመጣችው ሴት እጇ ደረቷ ላይ እንደተለጠፈ ቀረች። ድምፅዋም ጉሮሮዋ መሀል ቆመ። ያ ደግሞ እንዲሁ የሚቆም ድምፅ አልነበረም፤ ጭቃውንና ዳገቱን አሸንፎ የመጣ፣ ሬሳ ሳይቀር ቀና ብሎ እንዲያዳምጥ የሚያስገድድ ድምፅ ነበር።

«ባሌ ለማን ቀፎ ነው ዛፍ ላይ የወጣው?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ ተሾመች።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ንፍሮው እዚያ አለ።»

በካፋ ምድር ሰው ሲሞት ማልቀስ ከተጀመረ ወዲህ አልቃሽ በር ላይ የተፈተሸበት ለቅሶ ይህ ብቻ ነው። የቦንጋ መናኸሪያ በበዓል ዋዜማ እንኳ እንዲህ ያለ ፍተሻ የለውም። ገብረወልድ የተቀበረው ትናንት ነው። ከቀብር መልስ ጀምሮ ወደ እድሩ ድንኳን የገባ ሁሉ፣ ኦርቶዶክስ ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ሽማግሌ ይሁን ነፍሰ ጡር፣ ያችን ጥያቄ ሳይጠየቅ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም። መልሱም የሁሉም አንድ ነበር፤ ማንም አያውቅም። የጎረቤቱ ዶሮ በስንት ሰዓት እንቁላል እንደምትጥል የሚያውቅ መንደር፣ ይህን አንድ ነገር አያውቅም።

መልስ ይዞ የመጣው ኢያሱ ብቻ ነበር። ኢያሱ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ሬሳው ከመገነዙ በፊት ጀምሮ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ሟቹ ለራሱ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ እንደወደቀ ሲናገር ውሏል። አሁንም ድንኳኑ መሀል ቆሞ ያንኑ ደገመ። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ካርታቸውን አስቀመጡ።

«ማሩ ከተቆረጠ ወር አልፎታል» አለች ተሾመች። «ባዶ ቀፎ ሊልስ ነው የወጣው?»

«የሱን ሐሳብ እኔ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«አንተ ኢያሱ፣ ንፍጥህን በቀሚሴ እየጠረግሁ ያሳደግሁህ ልጅ ነህ። ያኔም ስትዋሽ ጆሮህን ትነካ ነበር።»

ኢያሱ እጁን ከጆሮው ላይ አወረደ። ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ እውነተኛ ሳል ያዘው።

ሰዎቹ ዝም ያሉት ከክፋት አልነበረም። ያፈኑት ነገር ቢጫ ነበር፤ በየደጁ በአራት እግሩ ቆሞ ነበር።

መንግሥት ለንብ አናቢዎች ድጎማ ባወጣ ጊዜ ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ ቢጫ ዘመናዊ ቀፎ ደረሰው። የዋጋውን ብዙውን እጅ መንግሥት ሸፈነ፤ የቀረው በዱቤ ሆነ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቀፎው ውስጥ ንብ ካየ ዱቤው ይሰረዛል፣ በላዩም የድጎማ ክፍያ ይገባል። ባዶ ካገኘ ግን ሙሉ ዋጋው ይመለሳል። መንደሩ የተዋዋለው ደግሞ በቡድን ነው፤ የአንዱ ቀፎ ባዶ ሆኖ ከተገኘ የሁሉም ይበላሻል። ተቆጣጣሪዋ ነገ ትመጣለች። ነገ ደግሞ የገብረወልድ ሠልስት ነው።

ቀፎዎቹ የመጡ ቀን ኢሱዙው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ መንደሩ ሁሉ ገፍቶ ነበር ያወጣው። ከቦንጋ የመጡት ኃላፊዎች ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ከመርዘሙ የተነሣ፣ ሲጀመር የተወለደች ጥጃ ሲያልቅ ለመታለብ ደርሳ ነበር። ገብረወልድ ግን ንግግሩን አልሰማም። አዲሱን ቀፎ እየዞረ እንደ ሙሽራ ዳሰሰው። ዕድሜውን ሁሉ ከዛፍ ዛፍ ሲንጠለጠል የኖረ ሰው ሳጥን ያጣጥላል ብለው ሲጠብቁ፣ ይህማ ቤት ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነው አለ። እሱ ያዘዛት ንብ ደግሞ ሰው ጫማ ውስጥም ገብታ እንደምትኖር ጨመረበት። ተሾመች በሰው ፊት አፉን እንዲይዝ በክርኗ ጎሸመችው።

ንቦቹም ገቡ። የዚያን ዓመት ማር ብዛት ሲነገር ዋጫ ከተማ ድረስ ያለ ሰው ከንፈሩን ይልስ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው በቀለም ነው። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ እንደተሰማ ኢያሱ ሰው ሰብስቦ፣ ዝናብ ያደበዘዛቸው ቀፎዎች መንደሩን እንደሚያሳፍሩ ተናገረ፤ ሁሉም ቀፎ ውስጡም ውጭውም አዲስ ቢጫ ቀለም እንዲቀባ አዘዘ። አንድም ሰው አልተቃወመም። ገብረወልድ ራሱ ብሩሽ ይዞ፣ የሠርግ ቤት እንደሚያስጌጥ ሰው እያፏጨ፣ የራሱን ጨርሶ የጎረቤቱን ቀባ። በማግስቱ ጠዋት ንቦቹ በአንድ ልብ ተነሥተው ሄዱ። ሰማዩ ጠቆረ። ዶሮዎች መሽቷል ብለው ቆጥ ላይ ወጡ። ቀፎዎቹ እንደ ፀሐይ አበሩ፣ ውስጣቸው ግን ዝንብ እንኳ አልቀረም።

የቀረው መላ አንድ ብቻ ነበር። ጫካው ውስጥ ገና ያልወረዱ የዛፍ ቀፎዎች ነበሩ። ወጣቶቹ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እየወጡ አወረዷቸው፤ ንቦቹንም በጢስ እየነዱ፣ ሽታው ወጣ ወጣ ወዳለለት ቢጫ ቀፎ ገለበጧቸው። ገብረወልድ ጉልበቱን ስለሚያመው ከሥር ቆሞ እየተሳደበ ያዝዝ ነበር። ስድቡ ራሱ ሰው ዛፍ ላይ ያስወጣ ነበር። በመጨረሻ የሁሉም ደጅ ሞላና አንድ ቀፎ ብቻ ባዶ ቀረ። በጫካውም አንድ መንጋ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቀረሮ በሚባለው ረጅም ዛፍ ላይ፣ ደመና ከሚጠርገው ቅርንጫፍ ላይ። ወጣቶቹ ቀና ብለው አዩትና እያንዳንዳቸው ቤታቸው ሥራ እንዳላቸው ትዝ አላቸው።

የዚያን ዕለት ማታ ገብረወልድን በቃሬዛ አመጡላት።

ልጇ የምሥራች ከቦንጋ የመጣችው ለቀብሩ ነው። ቦንጋ ውስጥ የጫማ ሱቅ አላት። አመሻሹ ላይ ሰው ሳሳ ሲል እናቷ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ በጆሮዋ ነገረቻት። አባቷ በዚህ አይመለስም። የእናቷ ቢጫ ቀፎም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ውል ነው ያለው፤ ነገሩ ከፈነዳ ብቻዋን የቀረች ሴት ናት ያላትን ሸጣ ዕዳ የምትመልሰው። ሰውም ይጠላታል።

«አሁንስ ይወዱኛል?» አለች ተሾመች። «ባሌን ሰቅለው ሲያበቁ ንፍሮዬን እየበሉ።»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ እማ።»

«ለምን? ሁሉም ያውቃል። አንዱ ብቻ ተነሥቶ ለኔ ነው የወጣው ቢል ምን አለበት? አላስከፍለው። አልከሰው። የሰው ስም እንጂ ሌላ ምን ጠየቅሁ?»

የምሥራች ሌላ ወሬ አነሣች። ገሠሠ ለቀብር እንኳ አለመምጣቱን፣ ሰውም ይህንኑ እያወራ መሆኑን ነገረቻት። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሾመች ፊት ላይ ወደ ፈገግታ የተጠጋ ነገር አለፈ።

«እሱ እንኳን አልመጣ። ቢመጣ ገብረወልድ ከመቃብር ተነሥቶ ይወጣ ነበር።»

ይህ ማጋነን አልነበረም። ገሠሠና ገብረወልድ የድንበር ጎረቤት ናቸው፤ ቀረሮውም የቆመው ድንበሩ ላይ ነው። የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ሲከራከሩ ሽማግሌ ሰለቸ፣ ዳኛ ተቀየረ፣ ክርክሩን የጀመሩት አባቶች ሞቱ። መጨረሻ ላይ ዛፉ ለሁለት ተከፈለ፤ ፀሐይ መውጫ ያለው ቅርንጫፍ የገብረወልድ፣ ፀሐይ መጥለቂያ ያለው የገሠሠ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም። ሊነጋገሩ ግድ ሲሆንባቸው በሦስተኛ ሰው ነበር፤ «ለዚያ ሰው ንገረው፣ በሬው አጥሬን ጥሷል»፤ «ለዚያ ሰው ንገርልኝ፣ አጥር ከሆነማ በሬው ባወቀው»። ሰው በሌለ ጊዜ ለገብረወልድ ውሻ ይናገሩ ነበር። ውሻው የሁለቱን ቤት ጉዳይ ሁሉ ያውቃል፤ ምስክር ሆኖ ቢቀርብ የማይሸነፍ ጠበቃ አልነበረም።

ተሾመች ይህን ጠብ አንዳንዴ ትቀናበት ነበር። ባሏ ለሷ ቀኑን ሙሉ የማይናገረውን ያህል በአንድ ስድብ ለገሠሠ ይናገራል። እራት ላይ ዝም ብሎ ቆጮውን እያላመጠ ድንገት ይስቅና፣ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ነገ ለዚያ ሰው የሚልክበት ነገር እንደተገኘለት ይነግራታል። ለአልቃሾቹ ገብረወልድ ገራገር፣ ሰው የማያስቀይም ሆኗል፤ እንዲያ ብለው ነው የሚያለቅሱለት። ተሾመች ይህን በሰማች ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች። እሷ ያገባችው ነገረኛ፣ ግትር፣ ጉረኛ ሰው ነበር፤ አሁን በቄሱም በአልቃሹም አፍ ሌላ ሰው አድርገው እየቀበሩባት ነው።

በሠልስቱ ጠዋት ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሳይወጡ ኢያሱ ተቆጣጣሪዋን ይዞ ደረሰ። አብርሆት ትባላለች፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ቡትስ ያደረገች ወጣት ናት። ለቅሶ መኖሩን ስትሰማ ሳትደርስ ማለፍ ነውር ነው ብላ ነበር። ኢያሱ ከመግባቷ በፊት መንገድ ዳር ያለውን የገሠሠን ቀፎ አሳይቷታል። ንቡ እንደ ጉድ ይመላለስ ነበር። ባለቤቱ የት እንዳለ ስትጠይቅ፣ ታሞ ተኝቷል፣ በሽታውም የሚተላለፍ ሳይሆን አይቀርም አላት።

አብርሆት ተሾመች ፊት በርከክ ብላ፣ እግዜር ያጽናዎት አለች።

«አንቺንም ልጄ» አለች ተሾመች። «ነይ እስቲ፣ የተማርሽ ነሽ፣ ምናልባት አንቺ ታውቂ እንደሆነ። ባሌ ለማን ቀፎ ነው የወጣው?»

የንፍሮው ጭልፋ ባለበት ቆመ። የምሥራች የእናቷን ክንድ ያዘች። ኢያሱ ሐዘኑ እንደሚያስቀባጥራቸው ለእንግዳዋ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ የድንኳኑን ሸራ ገልጦ አንድ ሰው ገባ።

ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ማን እንደሆነ ከአረማመዱ ያወቁት ወንዶች ተነሡ። የምሥራች ዘላ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ገሠሠ፣ ዛሬ አይደለም። አባቴን በሞቱ እንኳ ተዉት።»

ገሠሠ ለሷ አልመለሰም። ከልማዱ የድንኳኑን ምሰሶ እያየ ጀመረ።

«ለዚያች ሴት ንገሩልኝ…» አለና ቆመ። ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

ፊቱ ፊት አይመስልም ነበር። አንድ ዓይኑ ጨርሶ ተከድኗል፤ ጆሮው የዶሮ እንቁላል አክሏል፤ አንገቱ ከትከሻው ጋር አንድ ሆኗል። የዚያን ጫካ ንብ በሙሉ ጠርተው ድግስ የጣሉበት ነበር የሚመስለው።

«ተሾመች» አለ። «ለኔ ነው የወጣው።»

ኢያሱ ሰውዬው ትኩሳት እንዳለበት መናገር ጀመረ። ተሾመች እጇን አነሣች፤ ዝም አለ።

«ባዶ የቀረው የኔ ቀፎ ነበር» አለ ገሠሠ። «በኔ የተነሣ መንደሩ ሊጠፋ ነው ተባልኩ። ዛፍ መውጣት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ቢሆንም ሄድኩ። ግንዱን አቅፌ ስንፏቀቅ እሱ ከውሻው ጋር መጣ። ‹ለዚያ ሰው ንገረው፣ ከዛፌ ላይ ይውረድ፤ ሞቶ ዛፌን እንዳያረክስብኝ› አለው ለውሻው። ወረድኩ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። ጉልበቱን እያሸ ቀና ብሎ አየኝና፣ ‹ገሠሠ፣ ገመዱን ያዝ› አለኝ።»

ገሠሠ መዳፉን ገልብጦ አየ።

«በስሜ ጠራኝ።»

ተሾመች ጠየቀች፤ «ከዚያስ?»

«ወጥቶ ቀፎውን በገመድ አሰረው። ገመዱ ቅርንጫፉን ዞሮ እኔ እጅ ላይ ነው፤ እኔ ቀስ እያልኩ ላወርደው። መሀል ላይ ቀፎው ከግንዱ ጋር ተላተመና ንቦቹ ወጡ። ያዝኩት። ብዙ ያዝኩት፣ ተሾመች። ከዚያ ዓይኔ ላይ አረፉ።»

«ለቀቅኸው።»

«ለቀቅሁት። ቀፎው ሲወድቅ የገመዱ ትርፍ የሱን እግር ጠልፎ አወረደው።»

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወደ አብርሆት ዞሮ፣ ደጁ ላይ ያየችው ቀፎ የሱ አለመሆኑን ነገራት። የኢያሱ ነው፤ ትናንት ተሸክሞ አምጥቶ አስቀመጠው። አሁን እሷ ሌላ ቤት ስትገባ መልሶ ወደ ደጁ ሊወስደው ነበር። እሱንም እብጠቱ እስኪጎድል ከቤት እንዳይወጣ ያሉት ለዚህ ነው፤ ፊቱን ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቃልና።

አብርሆት ብድግ አለች። ጭቃ የነካውን ጉልበቷን አራገፈች። ይህን ባልሰማ እመርጥ ነበር አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ከሰማች ግን እንዳልሰማች መሆን እንደማትችል፣ ቢሮ ስትመለስ ያየችውን እንደምትናገር ገለጸች። ተሾመችን እንደገና እግዜር ያጽናዎት ብላ ወጣች። ከኋላዋ ሊከተላት የሮጠው ኢያሱ በሩ ላይ ዞር አለ።

«ጨረስከን» አለው ለገሠሠ። «እሱን በገመድ፣ እኛን በአፍህ።»

ያን ጊዜ ድንኳኑ መፍረስ ጀመረ። ማንም አልጮኸም። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን ሰብስበው ወጡ። ከማንኪራ የመጣችው ሴት ነጠላዋን ታጥቃ፣ ለማንም ሳትሰናበት ሄደች። ሴቶቹ ይዘውት የመጡትን ቆጮ በየመሶባቸው መልሰው አነሡ። ከሐዘን ቤት ምግብ መልሶ ይዞ መውጣት እዚያ አገር ከስድብ በላይ ነው፤ አንዷ ግን ተበልቶ ያላለቀውን እንኳ ከሰው እጅ ላይ ተቀበለች። እያንዳንዱ ሲያልፍ ገሠሠን በትከሻው ገፋ። ተሾመችንም ያዩአት ገሠሠን ባዩበት ዓይን ነበር። ድጎማው በሷ ጥያቄ ሄዷል፤ የሷም ቀፎ አብሮ ሄዷል።

የምሥራች የመጨረሻዋን ሴት ልትለምን ተከትላት ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ባዶ አግዳሚ፣ የንፍሮ ትሪ፣ ገሠሠና ተሾመች ቀሩ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም» አለ ገሠሠ።

«እኔም ይቅር አልልህም።»

«አውቃለሁ።»

«ብትይዘው ኖሮ ዛሬ ቁጭ ብሎ እየሰደበህ ነበር።»

«አዎ።»

ቆመ፤ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ተሾመች ለብዙ ጊዜ አየችው። ይህ ሰው በዚህ አገር ላይ ስለ ገብረወልድ ከሷ ያላነሰ የሚያውቅ ብቸኛው ሰው ነበር፤ ነገረኛነቱን፣ ግትርነቱን፣ ጉራውን። እሱ ብቻ ነው ገራገር ነበር ብሎ ያልዋሸላት።

«ና ቁጭ በል» አለችው፤ ፍራሹን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ።

እንደ ተከሳሽ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ጉንጩን የያዘችበት እጅ ርኅራኄ አልነበረውም። አንገቱ ሥር፣ ጠጉሩ መነሻ ላይ፣ ጥቁር ነጥብ የምታክል መንደፊያ ተሰክታ ቀርታ ነበር። በዚያ እጅ ስንት ጊዜ፣ ከዛፍ በወረደ ቁጥር፣ ከሌላ አንገት ላይ ስትነቅል ኖራለች። ቆንጥጦ ማውጣት መርዙን ወደ ውስጥ መጭመቅ ነው። አውራ ጣቷን አጋድማ፣ ጥፍሯን ከቆዳው ጋር አስተካክላ፣ በአንድ ስበት ፋቀችው። ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትነቃነቅ» አለችው።

ጥፍሯን በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ከጆሮው ኋላ ሌላ ካለ መፈለግ ጀመረች።